ቶሎ የሚደርስ ዛፍ

እህተማርያም ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ በቆሎ እሸት እየጠበሰች ትሸጣለች። ቂም ከያዘች አትለቅም። እናቷ የተከሉትን፣ ከፀሐይ የምትጠለልበትን ዋንዛ አቶ ፀጋው የከተማ ማስዋቢያ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሳሉ አስቆረጡት። በምትኩ መንገዱን ሙሉ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ አስተከሉ።

"ይሄኛው ቶሎ ይደርሳል" አሏት።

ዲከረንስ ለከሰል እንጂ ለጥላ እንደማይተከል አገሩ ሁሉ ያውቃል።

ፀሐዩ ከዓመት ዓመት እየከረረ ሄደ፤ ዝናቡም ሲመጣ ከነፋስ ጋር ሆነ። በ2009 ግንቦት ላይ የጣለው ዶፍ ዲከረንሶቹን ከነሥራቸው ገነደሳቸው፤ አንደኛው የአቶ ፀጋውን አጥር ይዞ ወደቀ። እህተማርያም ያንኑ ግንድ ለምና ወስዳ አከሰለችው። በተነቀለበት ጉድጓድ የዋንዛ ችግኝ ተከለች፤ በመስከረምም ምድጃዋን እዚያው ደጃፋቸው ላይ ጎልታ በዚያ ከሰል በቆሎዋን ትጠብስ ጀመር።

አንድ ቀን አቶ ፀጋው ላባቸውን እየጠረጉ ወጡና ችግኙን አዩት።

"እህተማርያም፣ ይሄ ደግሞ መቼ አድጎ ነው ጥላ የሚሆነን?"

ቀና ሳትል በቆሎውን አገላበጠች።

"አይስጉ፣ ለተዝካርዎ ይደርሳል።"