ፕላኑ ላይ የተገኘው በር

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ያየሁትን እንዳየሁት ነው የምጽፈው።

ክልሉ አዲስ ሲቋቋም አሶሳ ላይ ቢሮ የሚሆን ቤት ጠፍቶ ነበር። እኔ የምጠብቀው ረጅም ቤት፣ ቀርከሃ ላይ ጭቃ የተለጠፈበት፣ መሥሪያ ቤት ሆነ። የመጨረሻዋ ክፍል የእኔና የባለቤቴ ነበረች። በጓሮ በኩል በር ነበራት፤ ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ጀሪካኗን ይዛ ውሃ የምትወርደው በዚያ ነው። ስትሞትም በዚያው ወጣች። ከቀብሩ በኋላ በሩ ነፋስ ሳይኖር እየተከፈተ አስቸገረኝ። በውስጥም በውጭም በጭቃ ደፈንኩት፤ ከዚያ ወዲህ በኮሪደሩ በር ብቻ ነው የምገባ የምወጣው። ጓሮው ላይ ቀርከሃ ተከመረበት። በር እንደነበረ የሚያውቅ ሰው አልቀረም፤ ሠራተኞቹ ሁሉ በኋላ የመጡ ናቸው።

ቆይቶ ኮምፒዩተር መጣ። ከወለጋ ተመድባ የመጣች ልጅ የቤቱን ፕላን በኮምፒዩተር እንድታነሳ ታዘዘች። የንብረት ኃላፊው ሰብስቦ፣ "ከእንግዲህ ክፍል የሚደለደለው በፕላኑ ነው" አለን። "የውጭ በር ያለው መኖሪያ ይባላል፤ በሩ ወደ ኮሪደር ብቻ የሆነ መጋዘን ይሆናል። ፕላኑና ቤቱ ካልተመሳሰሉ አንዱ ይታረማል። ኮሚቴ መጥቶ ያያል።"

ክፍሌ ልትሄድ ነው አልኩ በሆዴ። ሌላ የምገባበት ቤት የለኝም።

ልጅቱ በሜትር ስትለካ ሰነበተች። አንድ ቀን ከሰዓት ጠራችኝ።

"አባባ፣ ክፍልዎን ይዩ።"

"ይቺ የጨረቃ ቁራጭ የምትመስለው ምንድን ናት?"

"በር ናት። በየት በኩል እንደሚከፈት ታሳያለች።"

ጨረቃዋ ያለችው በጓሮ በኩል ነው።

"እዚያ በር የለም።"

"እንዴ አባባ! ስለካ ጽዳቷ 'እሱ በዚህ ይወጣል' አለችኝ እኮ። በሩ ከቀርከሃው ክምር ጀርባ ነው ብዬ ሳልኩት።"

ጽዳት ሠራተኛዋ የበርታ ሴት ናት፤ አማርኛን በኋላ ነው የለመደችው። ወንዱንም ሴቱንም "እሱ" ነው የምትለው፤ የኃላፊው ሚስት ስትመጣ ሳይቀር "እሱ መጣ" ትላለች። ሄጄ ጠየቅኋት።

"እህቴ፣ በጓሮ የሚወጣው ማነው? እኔ ነኝ?"

ሳቀች። "አንተ ሽማግሌ፣ አንተ በኮሪደር! እሱ ነው። ጠዋት ይወጣል፣ ጀሪካን ይዞ። ሰላም እለዋለሁ።"

"ይመልስልሻል?"

"አይመልስም። የቤትህ ሰው ኩራት አለው።"

ተመልሼ ልጅቱን "አጥፊው" አልኳት።

"አባባ፣ ካጠፋሁት ክፍሉ መጋዘን ይሆናል።"

"በሌለ በር አልኖርም። አጥፊው አልኩ!"

አጠፋችው። ወዲያው መብራት ሄደ። ጀነሬተር ተነስቶ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ጨረቃዋ እዚያው ናት።

"ሴቭ ሳላደርግ ነው" ብላ ሳቀች። ደግማ ልታጠፋ ስትል እጇን ያዝኩ።

"ተይው። ካልተመሳሰሉ አንዱ ይታረማል አይደል የተባለው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ቤቱን አርመዋለሁ።"

ቀርከሃውን አነሳሁ፤ ጭቃውን በዶማ ፈረፈርኩ። በሩ እንደተውኩት ነው። ማጠፊያው ዝገት አልነካውም፤ ስገፋው ሲጢጥ እንኳ አላለም። ወቅቱ በጋ ነው፣ ጓሮው ተሰነጣጥቋል፤ ከደፉ ሥር ግን የጀሪካን ቂጥ የሚያህል መሬት እርጥብ ነበር። ልጅቱ ከኋላዬ ቆማ አየችው። ሜትሯን ጠቅልላ ወደ ቢሮዋ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ በር አንስታ አታውቅም።

ኮሚቴው ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ በሩን ከፍቶ ዘጋ፤ "ልክ ነው" አለ። ክፍሏ መኖሪያ ተባለች፤ እስካሁንም አለሁባት።

ጠዋት ጠዋት ጽዳቷ በጓሮ ስታልፍ ሰላም ስትል እሰማለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ "አቤት" እላት ነበር።

"አንተን አይደለም" ትለኛለች።

በሩን አልቆልፈውም።