ላፕቶፑን ዳንቴል ያለበስኩበት ቀን

በቤቴ ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮኑ፣ የሶፋው መደገፊያ፣ ሁሉም የየራሱ ነበረው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት። በበጋ ነፋሱ ከመኪናው መንገድ አቧራ ጠርጎ ያመጣል፤ በር ዘግተው እንዳይቀመጡ ደግሞ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ስለዚህ ዕቃ ይሸፈናል። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የጎረቤቱም ቤት ሁሉ እንዲሁ ነበር።

ከመዝገብ ቤት ሠራተኛነቴ ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ልጄ አንድ የሥራ ማስታወቂያ አየች። በዚያን ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥራ ደብዳቤ ስትተይብ ዓመታት ሆኗታል። በሌላ መሥሪያ ቤት የወጣው ቦታ ሰርቨር የሚቆጣጠር ባለሙያ ይላል። ፈተናው የጽሑፍ ብቻ ቢሆን አትፈራም ነበር። ነገር ግን የተግባርም ነበረበት፤ ተፈታኙ ሰርቨር ከባዶ ጭኖ ማሳየት አለበት። ልጄ ደግሞ በተማረችበት ኮሌጅ ሰርቨርን በመጽሐፍ ላይ በሥዕል እንጂ በአካል አላየችውም።

“ለመሆኑ ሰርቨር ምንድን ነው?” አልኳት።

“የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚያገለግል አንድ ኮምፒውተር ነው። አንቺ መዝገብ ቤት ቁጭ ብለሽ ለየክፍሉ ፋይል ታወጪ እንደነበረው።”

ይህ ገባኝ።

ፈተናው ቅዳሜ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዋ ላፕቶፑን ከሰኞ እስከ ዓርብ አዋሳት። የሚጫነውን ሶፍትዌር ደብረ ብርሃን ያለች የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ፍላሽ ላይ ገልብጣ፣ በፖስታ አሽጋ፣ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላከችላት። መናኸሪያ ሄጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

“ማዘር፣ ፖስታው ባዶ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ነው የነቀነቅኩት” አለኝ ሹፌሩ። “ለዚህች ነው በዚህ ፀሐይ የመጡት?”

“ለዚህች ነው” አልኩት።

ልጄ የሰውየውን ላፕቶፕ ማበላሸት ፈርታለች። ስለዚህ በላፕቶፑ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ልትሠራ ተነሣች። ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። የሚዳሰስ አካል የለውም፤ ሆኖም ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ነው አለችኝ። ከላፕቶፑ ሜሞሪ ግማሹን ሰጠችው፤ ከዲስኩም ጥቂት ቆረሰችለት። ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ሠርቶ ተከራይ ማስገባት መሰለኝና ነገርኳት።

“ልክ ነው” አለች። “ተከራዩ ቤቱን ቢያበላሽ ትልቁ ቤት አይነካም።”

ማክሰኞ ጠዋት መጫን ጀመረች። የሥራ ሰዓቷ ደረሰና ጭነቱ ሳያልቅ ተነሣች። “ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር መቶ ሲሞላ ደውዪልኝ። እስከዚያ እንዳትነኪው” ብላኝ ወጣች።

አልነካሁትም። ሠላሳ ሲደርስ ግን ነፋስ ተነሣ። አቧራው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ በዓይኔ አየሁት። የሰው ዕቃ ነው፤ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ትልቁን ነጭ ዳንቴል አምጥቼ ከነስክሪኑ ሸፈንኩት፤ ነፋሱ እንዳይገልጠው ጠርዙን ከሥሩ አስገባሁ። በየጊዜው ጫፉን ከፍ አድርጌ ቁጥሩን አያለሁ። ስልሳ አንድ ሲል ደስ አለኝ። ከውስጡ የሚሰማው ድምፅ እየበረታ ሄደ፤ ሥራው ቢከብደው ነው ብዬ ተውኩት።

ጎረቤቴ የማሾ ነጋዴ ናት። አጥር ለአጥር ሆነን ብዙ ዓመት ኖረናል። በዕድሜ ስለምበልጣት አንቱ ትለኛለች። በዚያን ሰዓት በሩን አልፋ ገባችና ጠረጴዛውን አየች።

“እትዬ፣ ምነው ከፈኑት?”

“አቧራው ነዋ።”

“ወላሂ ነፍስ ቢኖረው ይጮህ ነበር! እስቲ እጅዎን ጣል ያድርጉበት።”

እጄን አስቀመጥኩ። ፀሐይ ላይ የዋለ ቆርቆሮ ይመስል ነበር። ዳንቴሉን ስገፈው ስክሪኑ ጠፍቷል።

ቁጭ አልኩ። ያን ሁሉ ዓመት በመዝገብ ቤት ስሠራ አንድ ፋይል አልጠፋብኝም ነበር።

“አይዞዎት” አለችኝ። “ማሾም ከነእርጥበቱ በማዳበሪያ ታፍኖ ከሰነበተ ይግላል። ገልብጠን እናናፍሰዋለን እንጂ አንጥለውም። አየር ይስጡት።” ቤቷ ሄዳ ሰፊ ወንፊት አመጣችልኝ። ሁለት በርጩማ አቀራርበን ወንፊቱን ደፋንበት፤ ላፕቶፑን ከላይ አስቀመጥነው።

ልጄ ለምሳ ስትመጣ ገና ከበሩ ሳለች ወንፊቱን አየች።

“እማዬ፣ ምን ሆነ?”

“ሸፈንኩት።”

ዳንቴሉን አየች፤ እኔን አየች። ቁልፉን ስትጫን ላፕቶፑ ተነሣ። የሰውየው ፎቶም ጽሑፉም እንዳለ ነበር። ያን ጊዜ ተነፈሰች። ከዚያ ውስጠኛውን ኮምፒውተር ሞከረች። ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቻ አወጣና ቀጥ አለ።

“ሞተ?” አልኳት።

“ይሄኛው ሞቷል።” ይህን ብላ ወዲያው አጠፋችው፤ ከዝርዝሩ ሰረዘችው። ደነገጥኩ። በእኛ ጊዜ አንድ አሮጌ ፋይል ለማስወገድ እንኳ ኮሚቴ ተቀምጦ ይፈርም ነበር።

“ማንንም ሳታስፈቅጂ?”

“ማንን ላስፈቅድ? የሠራሁት እኔ አይደለሁ?”

ምሳዋን ቆማ እየበላች ሌላ ሠራች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እኔ ማራገቢያ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሩ ጥያቄ ሲያወጣ በስልክ አነብላታለሁ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክደርስ የተማርኩት እንግሊዝኛ ለዚያ ይበቃል።

“ቋንቋ ምረጪ ይላል።”

“እንግሊዝኛ በይው።”

“አማርኛ የለውም?”

“እማዬ፣ እባክሽ እንግሊዝኛ በይው።”

አሥር ሰዓት ሲሆን መቶ ሞላ። ደወልኩላት።

“በቃ፣ አሁን ራቂው” አለችኝ። “ምንም ነገር እንዳታለብሺው።” ስትስቅ ይሰማኛል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ከሥራ በወጣች ቁጥር ያንኑ ስታደርግ አየኋት። ትሠራዋለች፣ ሆን ብላ ታበላሸዋለች፣ ትሰርዘዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ማክሰኞ ጠዋት ከወረቀት እያየች አንድ በአንድ ነበር የምትጫነው። ሐሙስ ወረቀቱን አላየችም። ዓርብ የራሷን ኮምፒውተር ከላፕቶፑ ላይ አጥፍታ፣ አቧራውን ጠርጋ ለባለቤቱ መለሰችለት።

ቅዳሜ ማታ ስለ ፈተናው የነገረችኝ ጥቂት ነው። መሃል ላይ አንድ ነገር ተሳስታ ሰርቨሩ አልነሣ አላት። ከጎኗ የነበረው ተፈታኝም እንዲሁ ገጥሞት ሊጠግነው ሲታገል ሰዓቱ አለቀበት። እሷ ሁሉንም ሰርዛ ከመጀመሪያው ጀመረች። ፈታኙ መጥቶ፣ “እርግጠኛ ነሽ?” አላት።

“ከዚህ በፊትም ሞቶብኝ ያውቃል” ብላ መለሰችለት። ሰዓቱ ሳያልቅ ሰርቨሩ ተነሣ።

የተቀጣሪዎቹ ስም በቀጣሪው መሥሪያ ቤት በር ላይ የተለጠፈው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ቅዳሜ ነበር፤ መለጠፉን ሰምታ ከቤት አልወጣ አለች። ገበያ ልሂድ ብያት ወጣሁና በባጃጅ ሄድኩ። መነጽሬን አድርጌ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

“ስምሽ አለ” አልኳት።

ዘንቢሉን ከእጄ ተቀበለችኝ። ወደ ውስጥ ከገባን በኋላ ከፍታ አየችው።

“እማዬ፣ ይህን ቲማቲም የገዛሽው ስሜን ከማየትሽ በፊት ነው በኋላ?”

“በኋላ።”

“ስሜን አይተሽ ቲማቲም ትመርጫለሽ? እኔ እዚህ ልሞት!”

“ቤት ውስጥ ቲማቲም አልነበረም” አልኳት።