አባቴ የእሽቅድምድም መኪና የመረጡበት ሳምንት

አባቴ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ሱቃቸው ፒያሳ፣ በሁለት ወርቅ ቤቶች መሀል የተሸጎጠች፣ ሁለት ደንበኛ ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ሙያውን የተማሩት ከአንድ አርመን ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ሲያርፉ ባንኮኒውንና ከክንድ የማትረዝመውን የሰዓት ዕቃ መቅረጫ ቶርኖ ለአባቴ ትተውላቸው ሄዱ። እኔ ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ከሥራ ስወጣ ዳገቱን ወጥቼ ሱቃቸው እደርሳለሁ፤ አብረን ዘግተን አፍንጮ በር ወዳለው ቤታችን በእግር እንሄዳለን። እናቴ ካረፈች ወዲህ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ካለፈ በኋላ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ፈረንጅ ሁለት ካርቶን ታቅፎ ሱቁ ገባ። የውሃ መሐንዲስ ነው፤ አማርኛው የተሰባበረ ቢሆንም ሰው ያስቅበት ነበር። ከዚያ በፊት የአያቱን የኪስ ሰዓት ይዞ መጥቶ፣ በአገሩ ያሉ ሰዓት ሠሪዎች ሁሉ አይሠራም ብለው የመለሱለትን አባቴ አንዷን ጥርስ በእጃቸው ቀርጸው አስነስተውለታል። ዋጋውን ያኔውኑ ከፍሏል። አሁን ግን የሥራ ዘመኑ አልቆ ወደ አገሩ ሊመለስ ስለሆነ፣ ምስጋናውን በሌላ መንገድ ሊገልጽ ፈልጓል።

ካርቶኖቹን ሲከፍታቸው በባትሪ የሚሄዱ፣ በሬዲዮ የሚታዘዙ ሁለት ትንንሽ መኪኖች ወጡ። የሕፃን መጫወቻ መስለውኝ ነበር። መሐንዲሱ ግን አስረዳን፤ አቧራና ጉብታ ላይ ለመሽቀዳደም የተሠሩ ናቸው፣ ከተማው ውስጥ ያሉ የውጭ አገር ሠራተኞች በየሁለት ሳምንቱ እሑድ አሮጌው ኤርፖርት አካባቢ አንድ ሜዳ ላይ ይወዳደሩባቸዋል። ከሁለቱ አንዷን አባቴ ይምረጡ፤ የቀረችውን ለአገሩ ልጅ፣ ለአንድ ሐኪም ቃል ገብቷል። አንድ ሳምንት ይዘዋቸው ይቆዩና ይሞክሯቸው፤ ቅዳሜ መጥቶ የቀረችውን ይወስዳል። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የተመረጠችው መደርደሪያ ላይ እንዳትቀመጥ፣ እንድትወዳደር።

እኔ እዚያው ባንኮኒው ላይ መርጫለሁ። አንደኛዋ አዲስ ናት፤ ቀይ፣ እንደ ከረሜላ የምታብለጨልጭ፣ አራቱም ጎማዎቿ በሞተር የሚሽከረከሩ። ሁለተኛዋ ያረጀች ናት፤ ቢጫ ቀለሟ ተልጧል፣ የላይ ሽፋኗ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተለጥፏል፣ ሞተሩ የሚያዞረውም የኋላ ሁለት ጎማዎቿን ብቻ ነው። ይህ ምን ምርጫ ያስፈልገዋል አልኩ። አባቴ ግን ቀዩዋን ገልብጠው ሆዷን ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ «ቀለሙን ተይውና ውስጧን እንይ» አሉኝ።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነጭ ጨርቅ አነጠፉ። ማጉያቸውን አንድ ዓይናቸው ላይ ሰክተው፣ በሰዓት ካቻቢቴ ሁለቱንም ብሎን በብሎን ፈቷቸው። ቀዩዋ በተፈታች ቁጥር ሌላ የሚፈታ ይመጣል፤ የፊቱን ጎማ ከኋላው የሚያገናኝ ቀጭን ቺንጋ፣ ፊትም ኋላም ዲፈረንሻል፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሱ የፕላስቲክ ክንዶች። ቢጫዋ አንድ የአሉሚኒየም ላሜራ፣ አንድ ሞተር፣ ጥቂት ጥርስና አራት ሞላ ሆና አለቀች። አባቴ እያንዳንዷን ዕቃ እያነሡ ራሳቸውን አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ ነበር፤ ይቺ ብትሰበር ማን ይሠራታል? ከውጭ ዕቃ ማስመጣት የማይታሰብበት ዘመን ነው። ለግድግዳ ሰዓት የሚሆን ሞላ እንኳን ሲጠፋ እሳቸው ራሳቸው እየቀጠቀጡ ነበር የሚሠሩት።

ሰኞና ማክሰኞ ከሥራ መልስ ከቤታችን በታች ያለው ሜዳ ላይ ሞከርናቸው። አባቴ ዓይናቸው ለሩቅ ስለማይሆን መቆጣጠሪያውን የያዝኩት እኔ ነኝ። መኪናዋ ከእኔ ስትርቅ ቀኝ ቀኝ ነው፤ ዞራ ወደ እኔ ስትመጣ ግን ቀኝ ስላት ወደ ግራዬ ትሄዳለች። ይህ እስኪገባኝ ድረስ አንድ የጎመን መደብ ጥሼ፣ የጎረቤታችንን ዶሮ ከነጫጩቶቿ አባርሬያለሁ። ቀዩዋ በክር የተሳበች ይመስል መሬቱን ቆንጥጣ ነው የምትሄደው። ቢጫዋ ደግሞ ገና ፍጥነት ስሰጣት ጭራዋን ትቆላና ባለችበት ትዞራለች፤ ጉብታ ካገኘች ትገለበጣለች። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ያያል። አንዱ ጎረቤታችን፣ ነዳጅ በኩፖን በሚታደልበት አገር ያለ ኩፖን የምትሄድ መኪና ያላችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ እያለ ያስቀን ነበር።

በማግስቱ ግን አባቴ በቢጫዋ ሞላዎች ውስጥ ያሉትን አሞርዛተሮች ዘይት አፍስሰው የጉሎ ዘይት ከልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጋር ቀይጠው ሞሉባት፤ ከኋላዋም ክብደት እንዲሆናት ትንሽ እርሳስ ጠፍጥፈው አሰሩላት። ረቡዕ ስነዳት ጭራ መቁላቷን አቁማለች ማለት ባይቻልም፣ ምክር እንደሰማች ልጅ ሆናለች።

በዚያው ረቡዕ ነው ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች የመጡብን። የያዝኩት ሳጥን ረጅም አንቴና ስላለው ከሩቅ ሲያዩኝ ሰንብተዋል። መኪኖቹንም እኛንም ይዘው ቀበሌ ወሰዱን። ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ መቆጣጠሪያውን እያገላበጠ አየውና አባቴን፣ «በዚህ ሬዲዮ ከማን ጋር ነው የምትገናኙት?» ሲል ጠየቃቸው።

«ከመኪናዋ ጋር» አሉ አባቴ።

ሊቀመንበሩ ሊቀልዱበት የፈለጉ መስሎት ነበር፤ አባቴ ግን ቀልድ አልነበረባቸውም፣ ለደንበኛ ሰዓት እንደሚያስረዱት ረጋ ብለው ማስረዳት ቀጠሉ። በመጨረሻ በተግባር አሳዩ ተባልን። ግቢው ውስጥ ስኳር ሊወስድ የተሰለፈ ሰው ነበር፤ ቢጫዋን አስነስቼ በሰልፉ ጎን ስወስዳትና ስመልሳት ሰልፉ ተበትኖ ክብ ሠራ። ሊቀመንበሩ ሁለቴ ካየ በኋላ፣ ለማጣራት እኔም ልሞክር አለ። እንደ ማንኛውም ሰው ቀዩዋን መረጠ።

አንደኛውን ዙር ደህና ነዳት። በሁለተኛው ወደ እሱ ስትዞር፣ ቀኝና ግራው እንደኔው ተደበላለቀበትና የውይይት አዳራሹን የድንጋይ ደረጃ በሙሉ ፍጥነት መታችው። አባቴ ሄደው አነሷት፤ የፊት ክንዷ ለሁለት ተሰብሯል። የሰው ንብረት ናት፤ ገና የእኛ እንኳን አልሆነችም። የሊቀመንበሩ ፊት ቀላ። ከዚያ በኋላ ስለ ሬዲዮው ያነሳ የለም። እንዲያውም ወደፊት ማንም እንዳያስቸግረን ደብዳቤ ይጻፍላቸው አለ። የቀበሌው ታይፒስት በዚያ ቀን ስላልገባች ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። «የተጠቀሰችው መኪና አሻንጉሊት መሆኗ በጽሕፈት ቤታችን ተረጋግጧል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሊቀመንበሩ ቆሞ አስጻፈኝና ክብ ማኅተም መታበት።

አባቴ ሐሙስና ዓርብን ሙሉ ደንበኛ እየመለሱ የተሰበረውን ክንድ ከአሉሚኒየም ሠሩት። ሞረዱን በጨርቅ ይዘው ሲሞርዱ፣ ቀዳዳዎቹን በቶርኖው ሲበሱ ከሥራ መልስ አጠገባቸው ተቀምጬ አያለሁ። ሲገጥሙት ከሌላኛው ክንድ በቀለም ካልሆነ በምንም አይለይም። እኔም አሁን ነገሩ አለቀ ብዬ፣ «አላልኩዎትም?» ለማለት ቃጣኝና ምላሴን ይዤ፣ «አባባ፣ ይኸው የቀዩዋንም ዕቃ መሥራት ይችላሉ» አልኳቸው።

«እችላለሁ» አሉ። «ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ውድድር ላይ ሁለት ቀን ቆሞ የሚጠብቀኝ ማን ነው? ቢጫዋን ግን ሳምንቱን ሙሉ ስታጋጪያት በፒንሳ ጉልበቴ ላይ ነው ያቀናኋት።»

ቅዳሜ መሐንዲሱ ሲመጣ አባቴ መጀመሪያ የነገሩት ስለ ስብራቱ ነው፤ ማን እንደሰበራት ግን አልተናገሩም። መሐንዲሱ አዲሱን ክንድ በጣቱ እየነካካ ሳቀና፣ አሁንም ምርጫው የእርስዎ ነው አላቸው። አባቴ እጃቸውን ቢጫዋ ላይ አደረጉ። ቀዩዋ ካርቶኗ ውስጥ ገብታ ከሱቁ ስትወጣ እንባዬ መጣ፤ ሃያ አራት ዓመቴ እንደነበር ተናግሬያለሁ። ያን ቀን እስከ አፍንጮ በር ድረስ ከፊታቸው ቀድሜ ሄድኩ። እሳቸውም አላባበሉኝም።

የመጀመሪያው ውድድራችን ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ ነበር። በአውቶቡስ ሄድን። አባቴ ኮትና ክራቫታቸውን አድርገው፣ እኔ መኪናዋን በዘንቢል ይዤ። ሜዳው ላይ ስምንት ሰው አለ፤ ሴት እኔ ብቻ፣ ሐበሻም እኛ ብቻ። ሐኪሙ ቀዩዋን ይዞ መጥቷል፤ ቁመቱ ረጅም፣ ሲሸነፍም ሲያሸንፍም ፊቱ የማይለወጥ ሰው ነው። ውድድሩ ሦስት ዙር ነበር። በመጀመሪያው ሐኪሙን ስከተል መንገድ ጠፍቶኝ ከሁሉም ኋላ ገባሁ። አባቴ ቀረብ ብለው፣ «እሱን አትከተዪ፤ የራስሽን መንገድ ያዢ» አሉኝ፤ ከዚህ ሌላ ምክር አልሰጡኝም። በሁለተኛው ዙር መታጠፊያው ላይ የቆመ በርሜል መትቼ የኋላ ጎማዬ ተጣመመ። አባቴ ኮታቸውን አውልቀው ሳሩ ላይ ተቀመጡና ቀጣዩ ዙር ሳይጀመር አቀኑት። ከጎናችን አንድ ሰው የተሰበረች መኪናውን ወደ ካርቶኗ እየመለሰ ነበር። በመጨረሻው ዙር ሦስተኛ ወጣሁ።

አንደኛ የወጣው ሐኪሙ ነው። እሱም በርሜሉን መትቶ ነበር፤ ያውም በሙሉ ፍጥነት፣ አባቴ በሠሩት ክንድ በኩል። ክንዱ ንቅንቅ አላለም። ሲመለስ አሳየንና የአባቴን እጅ ያዘ። በአውቶቡሱ ውስጥ ያሸነፈን እኮ የራስዎ ሥራ ነው ብዬ ተናደድኩባቸው። አባቴ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ሱቃችን ለውጥ ታየበት። የእሽቅድምድሙ ሰዎች የተበላ ጥርስና የተሰበረ ክንድ በወረቀት እየጠቀለሉ ያመጡ ጀመር። ሐኪሙም ያመጣል፤ አባቴም ይሠሩለታል። ለምን ይሠሩለታል ብዬ ስጠይቃቸው፣ «እሱ ከቤቱ ከዋለ አንቺ ማንን ልትቀድሚ ነው?» አሉኝ። እጃቸው ላይ የማይዋሽ ሰዓት ስላለም ውድድሩን በሰዓት እንዲይዙ እሳቸው ተመረጡ። አንድ እሑድ እኔና ሐኪሙ ጎን ለጎን ገባን፤ ያሸነፍኩ መስሎኝ እጄን አነሳሁ። አባቴ ሰዓታቸውን አይተው ሐኪሙን አንደኛ አሉ። በስንት ቀደመኝ ብዬ ብሟገታቸው፣ ሰዓት ዘመድ የለውም ከማለት በቀር አልመለሱልኝም።

ያሸነፍኩት ከክረምቱ በኋላ፣ ሜዳው ደርቆ አደይ አበባ ዳር ዳሩን ይዞት ሳለ ነው። ምንም የተለየ ነገር አላደረግኩም፤ አልተገለበጥኩም፣ በርሜል አልመታሁም፣ ማንንም አልተከተልኩም። ሐኪሙ በመጨረሻው ጉብታ ላይ ተንሸራቶ ሲዞር እኔ በውስጥ በኩል አልፌዋለሁ። አባቴ ሰዓታቸውን አዩ፣ የእኔን ቁጥር ጠሩ፣ ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ ድምፃቸው እንደ ሌላው ጊዜ ነበር። ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው ሐኪሙ ነው። ሽልማቱ ለቢጫዋ የሚሆን አንድ ጥንድ አዲስ ጎማ ነው።

ፒያሳ ስንወርድ አባቴ ቤት ከመሄዳችን በፊት ኬክ ቤት እንግባ አሉ፤ እሑድ ቀን ኬክ ቤት መግባት ልማዳቸው አልነበረም። ማኪያቶ አዘዙና ቢጫዋን ከዘንቢሉ አውጥተው ከነአቧራዋ ጠረጴዛው ላይ አቆሟት። አስተናጋጁ፣ የሰፈሩ ወግ አዋቂ ነው፣ ጋሼ ይቺን ውጭ አያቆሟትም ወይ፣ ትራፊክ መጥቶ ጣጣ ውስጥ እንዳይከተን አለ። አባቴ ሳቁ። ከዚያ እሱ ሳይጠይቃቸው፣ አጠገባችን ያሉትም ጠረጴዛዎች እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ልጄ ናት የነዳችው፤ አንደኛ ወጣች» አሉ።