በካሴቱ ውስጥ ያለው ፉጨት

ሮማናት አደባባይ አጠገብ ካለ ካፌ ከአባቴና በቅርቡ ከጣሊያን ከተመለሰው ወንድሙ ጋር ተቀምጠን ሳለ፣ ከስፒከሩ የኮንሰርት ጭብጨባ ተሰማ። ልቤ ወደ ልጅነቴ ሳሎን ሄደ።

ያኔ ይኸው አጎቴ፣ እሱ በሚኖርበት የጣሊያን ከተማ አንድ የሮክ ባንድ መድረክ ላይ ሲጫወት የተቀዳ ካሴት ልኮልን ነበር። አንዱ ዘፈን ብቻ የካሴቱን ሙሉ ገጽ ይይዛል። ኦርጋኑ ሲያንጎራጉር፣ ጊታሩ ሲያለቅስ እናቴ "ኣየ! ይሄ ነገር አያልቅም እንዴ?" ትላለች። ከበሮው ጋብ ሲል ከሕዝቡ መሃል አንድ ሰው ያፏጫል። አባቴም እጁን ያነሳል።

"ዝም በሉ! ወንድሜ ነው። ፉጨት ያስተማርኩት እኔ ነኝ።"

"አጎቴ እዚህ ውስጥ ነው?" አልኩት አንድ ቀን።

"አዎ ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ነው" አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። እኔም አፌን ቴፑ ላይ ለጥፌ "ከመይ ኣለኻ?" ብዬ በትግርኛ ደህንነቱን ጠየቅሁት።

አሁን ካፌው ውስጥ አባቴ ያችን ፉጨት ሲያነሳበት አጎቴ ሳቀ።

"የት ገባሁና! ትኬት አልቆ ከስታዲየሙ ውጭ ቆሜ ነው የሰማሁት።"

አባቴ የወንድሙን ትከሻ መታ አደረገ።

"ውጭ ቆመህ እንደዚያ ከተሰማህማ፣ በደንብ ነው ያስተማርኩህ!"