አባቴ የጠበቀው ደን

ልጄ መዳፏን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ «እማዬ፣ ይሄ ምን ምን ይላል?» ባትለኝ ኖሮ ያን ቀን እንደ ሌላው ሰው ተዝናንቼ እመለስ ነበር። ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ከባሕር ዳር በማለዳ ተነስተን፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ያለውን ደን በእግራችን ልንዞር የመጣነው በጥቅምት ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ፣ መሬቱ ገና ሳይደርቅ፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ በሚመስልበት ሰሞን። ልጄ አንድ ያረጀ ጽድ ተደግፋ ኖሮ ሙጫው እጇ ላይ ተጣብቆባታል። ያ መረር ብሎ ጣፈጥ የሚል ሽታ የአባቴ ካፖርት ሽታ ነው። «አያትሽን አያትሽን ይላል» አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች።

አባቴ ሞላ የዚህ ደን ጥበቃ ነበር። ቤታችን ከደኑ አፋፍ ላይ፣ ከመግቢያው አጥር ጥግ ነበረች፤ እሱም ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ ደኑን ይዞራል። ዛሬ አስጎብኚው ልጅ «የጉዞ መስመር» እያለ የሚጠራው፣ በየመታጠፊያው የእንጨት መቀመጫ የተሠራለት መንገድ በአባቴ እግር የተረገጠ ነው። አፉ ላይ ፊሽካ፣ ብብቱ ሥር ዱላ፣ ክረምት ከበጋ ያ ከባድ ካፖርት፤ በመንገዱም ከሰው ይልቅ ዛፍ ሰላም ሲል ይውላል። አንዱን ወይራ «እንዴት አደርክ ጌታው» ብሎት ሲያልፍ ዛፉ የሚመልስለት ይመስለኝና ጆሮዬን አቀና ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ እኔንና ውባለምን ያስከትለናል። ውባለም የጎረቤታችን የትርንጎ ልጅ ናት፤ አጥራችን አንድ ነበር፣ በአጥሩ መሐል የተከፈተችው ቀዳዳ ደግሞ በእኛ በሁለታችን ልክ የተሠራች ነበረች። ከጽዱ መሐል ሽቅብ ወጥተን፣ ላባችን ጠብ ሲል፣ የፎገራን ሜዳ ቁልቁል የሚያሳየው ቋጥኝ ላይ እንደርሳለን። ከሜዳው ማዶ ጣና እንደ ተሳለ ቢላዋ ስለት ቀጥኖ ያበራል። ውባለም ሁልጊዜ ታንኳ አየሁ ትላለች። ከዚያ ርቀት እንኳን ታንኳ ደሴቱም አይለይም፤ እሷ ግን የቀዛፊውን የጋቢ ጥለት ሳይቀር ትነግረናለች። አባቴም ዓይኑን በእጁ ከልሎ አተኩሮ አይቶ፣ «ልክ ነሽ፣ ጥለቱ አረንጓዴ ነው» ይላታል።

ከቋጥኙ ወርደን ሁለቱ ኩሬዎች ጋ እንደርሳለን። ሰው ኩሬ ይበላቸው እንጂ ለእኛ ሐይቅ ነበሩ፤ የላይኛው ሐይቅና የታችኛው ሐይቅ። በላይኛው ዳክዬ ይዋኛል፣ በታችኛው እንቁራሪት ይንጫጫል፤ በመካከላቸው ካለው ዛፍ ላይ ጉሬዛዎች ነጭ ካባቸውን ደርበው ይቀመጣሉ። አባቴ ጸሎት ላይ ናቸው ስለሚለን በእግራችን ጣት ነበር የምናልፈው። አንድ ቀን አንደኛው ጉሬዛ የውባለም ራስ ላይ ፍሬ ቢጥልባት፣ «ጸበል ረጨኝ» ብላ እስከ ቤት ድረስ ራሷን ሳትነካ ሄደች። ከኩሬዎቹ ወዲያ መንገዱ እንደገና ሽቅብ ይልና የጉና ተራራ ፊት ለፊት ይመጣል፤ እዚያ አረፍ ብለን ቆሎአችንን ቆርጥመን ወደ ቤት እንመለሳለን። በዓለም ላይ ሌላ የሚዞር ነገር ያለ አይመስለንም ነበር።

የውባለም አባት በሐምሌ አረፈ። ትርንጎ ከሦስት ልጆች ጋር ቀረች፤ ጠላ እየጠመቀች መሸጥ ጀመረች። ጠላ ደግሞ ማገዶ ይፈልጋል። የባሕር ዛፍ ማገዶ የሚሸጡት ሰዎች ለጥቂት ጊዜ በዱቤ ሰጧት፣ ከዚያ ተዉ።

በነሐሴ አንድ ቅዳሜ፣ ጉሙ ከዛፎቹ ወገብ ሳይነሳ፣ ሦስታችን ከታችኛው ኩሬ ስንደርስ የምሳር ድምፅ ሰማን። አባቴ ፊሽካውን ነፋ። ድምፁ ቆመ። ቁጥቋጦውን ገለጥ አድርጎ ሲገባ ተከትለነው ገባን። ትርንጎ ለጋ ወይራ ጥላ፣ ቅርንጫፉን መልምላ፣ ገመዷን መሬት ላይ ዘርግታ ቆማለች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል።

«አያ ሞላ፣ እኔ ነኝ» አለች። ሌላ ሰው ከመሰለችው የሚቆጣ፣ እሷ መሆኗን ካወቀ ግን የሚመለስ መስሏት ይሆናል።

«አየሁሽ፣ ትርንጎ። ምነው ባላየሁሽ!»

«ልጆቹ ባዶ ምድጃ ከበው ነው ያደሩት። የዛሬን ይለፉኝ።»

አባቴ የወደቀውን ወይራ ቁልቁል ሲያይ ቆየ። ዝናቡ ከቅጠል ወደ ቅጠል ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። የውባለም እጅ በእጄ ውስጥ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነበር።

«ዛሬ አንቺን ባሳልፍ ነገ ማንን እመልሳለሁ?» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ የሚለምን እንጂ የሚያዝዝ አይመስልም ነበር። ጎንበስ ብሎ ምሳሩን አነሳ።

ትርንጎ አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችም። ገመዷን ጠቅልላ ወገቧ ላይ አሰረችና ወደ ልጇ ዞረች። «ነይ፣ እንሂድ» አለቻት። ውባለም እጇን ከእጄ አውጥታ ሄደች። እኔና አባቴ ዙሩን ጨረስን፤ ምሳሩ ትከሻው ላይ፣ ጉና ፊት ለፊትም ሳናርፍ።

ትርንጎ ተቀጣች፤ ቅጣቱን ለመክፈል የቀሯትን በጎች ሸጠች። አባቴ የወደቀና የደረቀ እንጨት ለቅሞ፣ አስሮ፣ በጠዋት ደጃፏ ላይ አቆመላት። እሱን መውሰድ አይከለከልም ነበርና። አልነካችውም። እስሩ እዚያው በቆመበት በዝናብ በስብሶ እንጉዳይ አበቀለ። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት የውባለም ቦታ ባዶ ነበር፤ ባሕር ዳር ዘመድ ጋ ልጅ ልትይዝ ተልካለች አሉ። እኔ በአባቴ ደመወዝ ደብተር ተገዝቶልኝ ተማርኩ፤ ከክፍል ወደ ክፍል አለፍኩ፤ ሰው ሆንኩ። በአጥሩ መሐል ያለችውን ቀዳዳ ማን እንደደፈናት አላውቅም። አንድ ቀን ሳያት ተደፍናለች።

ውባለምን ያገኘኋት ሁለታችንም ልጆች ከወለድን በኋላ ነው፤ ባሕር ዳር ገበያ መሐል የልብስ ሱቅ ከፍታለች። አቅፋ ሳመችኝ። አባቴ ሲያርፍ ደብረ ታቦር ድረስ መጥታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከልቧ አለቀሰች፤ «ክፉ ሰው አልነበሩም» አለችኝ። አልነበረም። ግን እኔ እንድትለኝ የምፈልገው እሱን አልነበረም፤ የምፈልገውንም አላውቀውም። እስከ ዛሬ በሳምንት አንዴ እንደዋወላለን፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም እናወራለን። ደኑን አንዳችንም አንስተነው አናውቅም።

በጥቅምቱ ጉዞ ጽዶቹ ከማስታውሳቸው በላይ ረዝመዋል። የታችኛው ኩሬ ዳር ያለው ወይራ ጥቅጥቅ ብሎ ጥላው ውሃውን አጥቁሮታል። በዙሪያው ያሉት ኮረብቶች ራቁታቸውን ሲቀሩ ይሄ ደን ብቻ ቆሟል። ልጄ ጉሬዛ አይታ እየዘለለች ስትጮህ ደስ አለኝ፤ ከደስታዬም ጋር አንድ ጥያቄ መጣብኝ። አባቴ ያን ቀን ፊቱን አዙሮ ቢያልፍ ትመርጪ ነበር ወይ? በዚያ ጥላ ሥር ቆሜ፣ ያን አየር እየሳብኩ፣ «አዎ» ማለት አቃተኝ። ለራሴ እንኳን አቃተኝ። ትርንጎ አሁን በሕይወት የለችም፤ ውባለም የምትፈርመውን ደረሰኝ የሚያነብላት ልጇ ነው፤ እኔ ግን ደኑን ወድጄዋለሁ።

ማታ ቤት እንደገባሁ ውባለም ደወለች። ቀን ስልኬ ስላልሠራ የት ጠፍቼ እንደዋልኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«ደኑ እንዴት ነው?» አለች።

«ምን አለ ብለሽ ነው! አልቋል፤ ጥቂት ዛፍ ነው የቀረው» አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ደስ ብሎኝ መዋሌን እንዳትሰማብኝ ይሆናል።

«ውይ!» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ እኮ… እንዲያው ሲከፋኝ፣ ቢያንስ እሱ አለ እል ነበር። በእኛም ላይ የደረሰው ደርሶ፣ ደኑ ግን ቆሟል እያልኩ ነበር የምጽናናው።»

«ኧረ አለ!» አልኩ ተርበትብቼ። «አለ፣ ውቤ፤ ሙሉ ነው። ጽዱም፣ ኩሬዎቹም፣ ሁሉም አለ።»

«ታዲያ ለምን አልቋል አልሽኝ?»

«ጉልበትሽ እንዴት ዋለ?» አልኳት። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም፤ ደህና እደሪ ብላኝ ዘጋችው። ስልኩን እንደያዝኩ ተቀምጬ ቀረሁ። ልጆች ሳለን ለውባለም የምናገረውን ቃል መርጬ አላውቅም ነበር።