ከፉርጎው ወዲያ ያለው መዶሻ

በሱዳኗ የባቡር ከተማ በአትባራ ሐሰቦን የማያውቅ የባቡር ሠራተኛ የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቆመ ባቡር ጎን እየሄደ የብረት ጎማውን በመዶሻ ሲያንኳኳ ኖሯል፤ ደህናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። እሱ በዚህ በኩል፣ ጓደኛው ታጅሰር በወዲያኛው በኩል ሆነው፣ በፉርጎው ሥር ወሬያቸውን ይሰልቁ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ቁርስ ላይ ነው። ረፋድ ላይ ሠራተኛው ሁሉ አንድ ትሪ ፉል ከቦ ይበላል። አንድ ቀን ታጅሰር የተረፈች ዳቦ በጋዜጣ ሲጠቀልል ሐሰቦ አየና፣ «ተዉት፣ ለልጆቹ ሊወስድላቸው ነው» አለ። ታጅሰር በሃያ ዓመት ትዳሩ ልጅ አላገኘም። ሰው ሳቀ። እሱ ዳቦውን ትሪው ላይ መለሰ፣ እጁን ታጠበ፣ ከዚያ ወዲያ አብሯቸው አልበላም። ካፍ ከወጣ አፋፍ!

ሐሰቦ የተናገረውን ወዲያው ጠላው፤ አፉ ግን ለይቅርታ አልታዘዝ አለው። ለኢድ አስቀመጠው። በኢድ ሁሉም ሁሉንም «ይቅር በለኝ» ይላል፤ ጥፋተኛውም ከንጹሑ ጋር ተደባልቆ ሳያፍር ይወጣል። የፈሪ ነገር ቀጠሮ ይወዳል። ሁለት ወር ሙሉ መዶሻዎቹ ብቻ ተነጋገሩ።

ኢድ አራት ቀን ሲቀረው ታጅሰር በወባ ሞተ።

መቃብሩ ላይ ሼኹ ሟቹን ይቅር በሉት አሉ፤ ሁሉም ይቅር ብለነዋል አለ፣ ሐሰቦም አለ። እሱን ይቅር የሚለው ግን አፈር ሥር ገብቷል። ለቅሶ ሲደርስ የታጅሰር ሚስት በቱል ቀና ብላ አየችው።

«ከሥራ ሲገባ ሁለት ብርጭቆ አስቀምጪ ይለኝ ነበር» አለችው። «ሻዩ ሲቀዘቅዝ፣ ዛሬም አልመጣም ይላል።»

«ምነው ሰው አልላከብኝም?»

«አንተስ እግር አልነበረህም ወንድሜ?»

ከዚያ ወዲህ ሐሰቦ በዚህ በኩል አንዴ ሲያንኳኳ ከወዲያ በኩል ሁለቴ ይመለስለታል። ስንቴ ጎንበስ ብሎ አይቷል፤ ጠጠርና ሐዲድ እንጂ የሰው እግር የለም። አለቃው የገደል ማሚቶ ነው ይለዋል። ይሁን፤ ማሚቶ ግን አንዴ ለመቱት ሁለቴ አይመልስም።

ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ በኢድ ጠዋት ሰው ሲተቃቀፍ እሱ ወደ ሐዲዱ ይወርዳል። ጎማውን ይመታል፤ ከወዲያ ይመለስለታል። ያኔ በፉርጎው ሥር አጎንብሶ፣ «ታጅሰር፣ ይቅር በለኝ» ይላል።

መዶሻው ዝም ይላል። ሐሰቦ ጉልበቱ እስኪዝል ይጠብቃል። በማግስቱ ሥራ ሲጀምር ከወዲያ በኩል ደግሞ ይንኳኳል።