ልብ የሚሆነው ቦታ

ያን ዓመት ዴንተን ከተማ ዩኒቨርሲቲ እማር ነበር፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ሌዊስቪል አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ እጭናለሁ። የሦስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ስለ ፅንስ ዕድገት የሚያስተምረውን ኮርስ የወሰድኩት አስቤበት አይደለም፤ ለመመረቅ የቀረኝ እሱ ስለነበር ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ የምንሠራው በዶሮ እንቁላል ነበር። መምህራችን፣ ፀጉሯን አጥብቃ የምታስር ቀጭን ሴትዮ፣ ቅርፊቱን በመቀስ ጫፍ ከፍታ የአንድ ቀን ፅንስ አሳየችን። አስኳሉ ላይ የተለጠፈ ነጭ ነገር እንጂ ዶሮ አይመስልም። ግራና ቀኙ ላይ ቀለም ነካ ነካ አደረገችበት።

"ልብ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው" አለች። "ገና አይመቱም። ግን ተመድበዋል።"

"ቆርጠን ብናወጣቸውስ?" አለ አንድ ተማሪ።

"ቀደም ብለን ከሆነ አጠገባቸው ያሉት ይተኳቸዋል። ከዘገየን የሚተካቸው የለም። ነቅለን ሌላ ቦታ ብናስቀምጣቸው እንኳ እዚያው ልብ ለመሆን ይሞክራሉ።"

በሚቀጥለው ሰኞ ስንገባ የእንቁላሎቹ ማሞቂያ ተበላሽቶ ከልክ በላይ ሲግል ሰንብቷል። መምህራችን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። አብዛኞቹ ሞተዋል። አንዱ ውስጥ ግን ተገናኝተው አንድ ልብ መሆን የነበረባቸው ግራና ቀኝ ሳይገናኙ ቀርተው፣ ሁለት ትንንሽ ልቦች ለየብቻቸው ይመታሉ።

"ሙቀቱ በመጥፎ ሰዓት ደረሰበት" አለች።

ጓንቴን አውልቄ በጣቶቼ ሳምንት ቆጠርኩ። ነሐሴ ውስጥ፣ ማርገዜን ሳላውቅ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በከባድ ትኩሳት ሠርቻለሁ። አሞኛል ብዬ ኮል አድርጌ ብቀር ሺፍቴን ይወስዱብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን ጠጋ ብዬ ጠየቅኳት። "ሰው ላይ ይሄ ነገር በስንተኛው ሳምንት ነው?"

"ከተፀነሰ በሦስተኛው ገደማ።" ሹራቤን አየት አደረገች። "ለምን ጠየቅሽኝ?"

"ለፈተናው ነው" አልኳት።

ለባለቤቴም ትንፍሽ አላልኩም። እሱ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ለሕፃኑ ባዘጋጀነው ክፍል ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ የሕፃን አልጋ ይገጣጥማል። እኔ እዚያ ክፍል መግባት አቃተኝ።

አምስተኛው ወር ላይ ለአልትራሳውንድ ቤድፎርድ ወዳለ ሆስፒታል ሄድን። መሣሪያውን የያዘችው ልጅ ወሬኛ ነበረች፤ ወንድ ትፈልጋላችሁ ሴት እያለች ታስቀን ነበር። ድንገት አንድ ቦታ ላይ ደጋግማ ተጫነችና ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረችው።

"ምን አየሽ?" አላት ባለቤቴ።

"ዶክተሩ ይነግራችኋል።"

ዶክተሩ በልጃችን ልብ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ በደንብ አለመዘጋቱን ነገረን። የነሐሴውን ትኩሳት አውጥቼ የተናገርኩት ያኔ ነው፣ ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ።

"ከሱ የመጣ ነው ማለት አልችልም" አለ ዶክተሩ። "አይደለም ማለትም አልችልም።"

መኪና ውስጥ ገብተን ባለቤቴ ሞተሩን ሳያስነሳ ቆየ።

"የፈራሽውን ለምን አልነገርሽኝም?"

"ከነገርኩህ እውነት የሚሆን መሰለኝ።"

መሪውን እንደያዘ ወደ ውጭ እያየ፣ "ያን ሰሞን ሥራ ያደረስኩሽ እኔ ነኝ" አለ። "ግንባርሽን ነክቼ እሳት መሆኑን አውቄያለሁ። ትንሽ ቻይው ብዬሽ ነው የሄድኩት።"

ልጃችን ግንቦት ላይ ተወለደች። ስትጠባ ላብ ያጠምቃት፣ ከንፈሯ ይጠቁር ነበር። በአራተኛ ወሯ ደረቷን ከፍተው ግድግዳውን ደፈኑላት። ዳነች።

አሁን አፏን ፈትታለች፤ ባለፈው ገላዋን ስናጥባት የደረቷን ጠባሳ በጣቷ እየነካች፣ "ይሄን ማን አደረገኝ?" አለችን። ባለቤቴ ቧንቧውን ዘጋ። ሁለታችንም ሌላው እንዲመልስ ጠበቅን።